ሰማንያ አራት ፍሬም

ኒውሊን፣ ኮርንዎል
ኖቬምበር 22 ቀን 1965

ለሞርዌና፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። አሥር ዓመት «ሰነበትሽ» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ብቻ ጤናሽን አምላክ ይጠብቅልኝ። በምድር ሌላኛው ጫፍ፣ ዳኒደን ከተማ፣ የሴቶች ትምህርት ቤት እንደምታስተምሪ፣ ከመኝታ ቤትሽ መስኮት ባሕር እንደሚታይ፣ አምና ክንድሽ ተሰብሮ እንደዳነ ሰምቻለሁ። የነገሩኝ እናትሽ ናቸው። ይህንንም የምጽፍልሽ ከእሳቸው ወጥ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ስታነቢው «ያ ሰውዬ ደግሞ እናቴ ቤት ምን ይሠራል» እንደምትይ አውቃለሁ። እሱኑ ነው የምነግርሽ።

እኔ ደክሞኛል እንጂ አልታመምኩም። ሠላሳ ዓመት የሌላውን ሰው ፊልም ስቆርጥና ስቀጥል ኖሬ፣ አሁን ጋዜጣ ሳነብ እንኳ ፊደሎቹ ይንቀሳቀሱብኛል። አንቺ የማታውቂውን ብቻ ባጭሩ ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። እናትሽ ግን «ከመጀመሪያው ጀምር፤ ኃጢአቱን የሚናዘዝ ሰው ግማሹን አይዘልም» አሉኝ። ስለዚህ የምታውቂውንም ብደግመው ታገሺኝ።

ኦብሪ ስታናርድ በማርች ሞተ። ምናልባት እዚያም ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ይሆናል። እዚህ ሁሉም «‹አርባ ማይል ወደ ወደብ› የተባለውን ፊልም የሠራው ታላቅ ዳይሬክተር አረፈ» ብለው ጻፉ። ሌሎቹን ዘጠኝ ፊልሞቹን ያነሣለት የለም። እንግሊዝ ከጦርነቱ ወዲህ ከሠራቻቸው ፊልሞች ሁሉ ሰው እንደዚያ ያለቀሰበት፣ ሲኒማ ቤቶቹ በር ላይ እንደዚያ የተሰለፈበት የለም ተባለ። የሞተው ግን ብቻውን ነው፤ ልብ ድካም። ቀብሩ ላይ ሃያ ሰው አንሞላም ነበር። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ቄሱም ቸኩለው ነበር።

ከቀብሩ መልስ እህቱ ሲቢል ወደ ጎን ጠራችኝና አንድ ፖስታ ሰጠችኝ። የእጅ ጽሑፍሽን ወዲያው አወቅኩት። አንቺ በ1955 የጻፍሽለት ደብዳቤ ነው። «ወንድሜን ሁለት ጊዜ ገደልከው፤ አንዴ በውሃ፣ አንዴ በመቀስ። በሕይወትህ ሙሉ ሲያጨበጭቡልህ የእሱ ጩኸት ይሰማህ» ያልሽው። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። አንድ ጊዜ ተነብቦ የተቀመጠ አይደለም።

«ለምን እንዳስቀመጠው አልገባኝም» አለችኝ ሲቢል። «ስጠይቀው ‹ይህ ለእኔ የተጻፈ አይደለም፤ አድራሻው ተሳስቶ ነው› ይለኝ ነበር። ምን ማለቱ ነው? አንተ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኳት።

አውቃለሁ፣ ሞርዌና። ያን ቀን ፖስታውን ኪሴ ከትቼ ወደ ባቡር ጣቢያ ስሄድ አንድ የአትክልት ሱቅ በር ላይ ተቀመጥኩ። ባለሱቁ ሰክሬ መስሎት «ጌታዬ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በጁላይ ስልክ ተደወለልኝ። አንድ የቴሌቪዥን ድርጅት ፊልሙን ገዝቶታል፤ አዲስ ቅጂ ይታተማል፤ ዳይሬክተሩ ስለሌለ ሥራውን የማውቀው እኔ እንድቆጣጠረው ተፈለገ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት አንድ ነገር አስቤ ነው። ወንድምሽ ዴንዚል ያለበትን ቦታ ቆርጬ ላወጣው ነበር። ሰማንያ አራት ፍሬም ነው፣ ሰማንያ አራት ነጠላ ሥዕል፤ ሦስት ሰከንድ ተኩል። አውጥቼ፣ አቃጥዬ፣ «አወጣሁት» ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ለእናትሽ መንገር ተገቢ መሰለኝ፤ ፊልሙ በየቤቱ ሊታይ ነውና ሳያስቡት እንዳያጋጥማቸው። በሴፕቴምበር ወደዚህ መጣሁ።

በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ለንደን ዓሣ የለም እንዴ፣ እንዲህ የከሳኸው» አሉኝ። አስገቡኝ።

ሻይ ቀድተው፣ የሳፍሮን ዳቦ ቆርሰው ከሰጡኝ በኋላ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ፊልሙ በቴሌቪዥን ሊመጣ እንደሆነ፣ የዴንዚልን ቦታ እንደማወጣው ነገርኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

«ልጄን አታውጣብኝ» አሉ።

የሰማሁትን አላመንኩም።

«ፎቶዎቹ አራት ናቸው» አሉ፣ በግድግዳው በኩል በአገጫቸው እያሳዩኝ። «የትምህርት ቤቱ፣ የመዘምራኑ፣ ከአባቱ ጀልባ ጋር፣ የእናንተ ሠርግ። በአራቱም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዴንዚል በሕይወቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያውቃል? በምግብ ሰዓት እንኳ ወንበሩን ያወዛውዝ ነበር። እዚያ ፊልም ላይ ግን ይንቀሳቀሳል። ገመዱን ይዞ ይወጣል፣ አንገቱን ያዞራል፣ ይስቃል። የልጄ ሳቅ ያለው እዚያ ብቻ ነው።»

«አይተውታል እንዴ?»

«ፔንዛንስ ሲኒማ ቤት በመጣ ቁጥር ሄጃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ አሁን አሁን ዝም ብላ ታስገባኛለች። ሲስቅ አያለሁ፤ ከዚያ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሰዉ እህህ ሲል ስሰማ ውሃው አልፏል ማለት ነው፤ እገልጣለሁ።»

ይህን የተናገሩት ስለ ዓሣ ዋጋ እንደሚያወሩ ነው። አስቢው፤ አንቺ ያንን ሦስት ሰከንድ አይተሽ ምድርን ዞረሽ ሄድሽ፣ እናትሽ ደግሞ ያንኑ ፍለጋ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ቀጥለው ስለ ኦብሪ ነገሩኝ። «ያ ረጅሙ ሰውዬ ሞተ አሉ። በየፌብሩዋሪው፣ ልጄ በሞተበት ቀን ይመጣ ነበር። መጀመሪያ የመጣ ለት በሩን ዘጋሁበት። በሁለተኛው ዓመት ዝናብ ነበርና ማስገባት ግድ ሆነብኝ። ከዚያ ለመደ። አያወራም፤ እዚያ አንተ የተቀመጥክበት ተቀምጦ ድንች ይልጥልኛል። ታላቅ ሰው ነው ይላሉ፤ ድንች መላጥ ግን አያውቅም፣ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ይጥለዋል።»

«ስለ ፊልሙ ምን ብሎዎት ያውቃል?»

«አንድ ቀን ጠየቅኩት። ‹አንተ ነህ ወይ ያንን ያስገባኸው› አልኩት። ‹በስሜ የወጣ ፊልም ነው፣ ሚስስ ከርናው› አለኝ።»

እዚህ ላይ ነው መዋሸት ያቃተኝ። ለእናትሽ ያን ቀን የነገርኳቸውን አሁን ለአንቺ ልንገርሽ።

ዴንዚልን እዚያ ሥራ ያስገባሁት እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ኦብሪ የመርከብ ምሰሶ ላይ የሚወጣ እውነተኛ የባሕር ሰው ሲያፈላልግ «የሚስቴ ወንድም አለ» አልኩት። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ በሳምንት የሚከፈለው በጀልባ በወር ከሚያገኘው እንደሚበልጥ ሰምቶ በባቡር መስኮት ሲያፏጭ መጣ። የስቱዲዮው የውሃ ገንዳ ውስጥ የተሠራችው መርከብ ላይ ሲወጣ፣ ከላይ የሚለቀቀው ውሃ ምልክቱ ሳይሰጥ ተለቀቀ። ገመድ መጠቅለያው ብረት ላይ ወረወረው። ሁለት ቀን ሆስፒታል ቆይቶ ሞተ። እጁን ይዘሽ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ይህን ላንቺ ማብራራት አይገባኝም።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ኦብሪ ወደ መቁረጫ ክፍሌ መጣ። ፊቱ አመድ ነበር። «የዚያን ቀን የተቀረጸውን አቃጥለው» አለኝ። «ላየው አልፈልግም። ሌላ ሰው አስወጥተን ከሩቅ ያነሣነው አለ፤ በእሱ ሥራ።»

በእሱ ሠራሁ። ትዕይንቱ ግን በድን ሆነብኝ። መርከቧ ትሰምጣለች፣ ሰዎቹ ይጮኻሉ፣ ያየ ሁሉ ግን የገንዳ ውሃ መሆኑ ያስታውቀዋል። ሁለት ሳምንት ታገልኩት። የዴንዚልን ቀረጻ አላቃጠልኩትም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ረዳቴ ሳትገባ ከቆርቆሮው አወጣሁት። ለማየት ብቻ ነው ብዬ ነው። ገመዱን ይዞ ሲወጣ፣ ዞሮ ሲስቅ፣ ከዚያ ውሃው። ቦታው ላይ አስገብቼ ሳሽከረክረው ጠቅላላ ፊልሙ ነፍስ ዘራ። ሞርዌና፣ እጄ ደስ አለው። አማች፣ ባል፣ ሰው መሆኔን ረሳሁ። ይህን መጻፍ ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ ግን እናትሽ አትዝለል ብለውኛል።

ለኦብሪ አሳየሁት። አይቶ ሲጨርስ ተነሥቶ ወደ ግቢው ወጣ። ሲመለስ ጫማው ጭቃ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ሞርዌና ፈቅዳለች?»

«አዎ» አልኩት። «ጠይቄያታለሁ።»

አልጠየቅኩሽም። ሊያወጣው ዝግጁ ነበር፤ የኔ «አዎ» ናት ያስቀረችው። ለአንቺም «አንድ ቀን እነግራታለሁ» እያልኩ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ፣ የምርቃቱ ምሽት ደረሰ። አረንጓዴ ቀሚስሽን ለብሰሽ ከጎኔ ተቀመጥሽ። ሲስቅ ስታይው እጄን ጨበጥሽ፤ ውሃው ሲመጣ እጅሽ ተለየኝ። ውጭ ደረጃው ላይ «ማነው ያስገባው» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ኦብሪ አዘዘኝ፤ ምን ላድርግ» አልኩሽ።

ከዚያ ደብዳቤሽን ጻፍሽለት። ደብዳቤው በደረሰው ማግስት መቁረጫ ክፍሌ መጣ። ፖስታውን ከኪሱ አውጥቶ አላሳየኝም፤ ጫፉ ግን ይታይ ነበር። «ሚስትህ ጽፋልኛለች» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ቆመ። የምናገረውን እየጠበቀ ቆመ። እኔ ፊልሙን መጠቅለል ቀጠልኩ። ብዙ ከቆየ በኋላ «በል እንግዲህ» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ አብረን ሁለት ፊልም ሠራን፤ አንድም ቀን አላነሣውም። እርግማኑን ተሸክሞልኝ ሞተ። እኔ ደግሞ በዚያው ሥራ ሽልማት ተቀብዬ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ዋንጫውን ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቅኩት።

እናትሽ ይህን ሁሉ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ ተነሥተው የቀዘቀዘውን ሻይ ደፉና ሲኒዬን አጠቡ። ሌላ አልቀዱልኝም።

«አይቆጡኝም?» አልኳቸው።

«መቆጣት ጉልበት ይፈልጋል፣ ሊዮኔል። ደክሞኛል» አሉ። «ለእኔ መንገርህ መልካም። ግን ያንን ሰውዬ የረገምኩት እኔ አይደለሁም፤ ልጄ ናት። ሂድና ለእሷ ንገራት። ያለ ቦታው ያረፈ እርግማን ነው፤ ባለቤቱ ያንሣው።»

«እሺ» አልኩ።

«ደግሞ ዛሬ እዚህ ቤት አታድርም። ሚስስ ጄልበርት የሚከራይ ክፍል አላት።»

ጎረቤት ሄጄ አደርኩ። ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ወደ አውቶቡሱ ስወጣ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። «ወዴት ነው?» አሉኝ። «ና ግባ፤ እንቁላሉ እየቀዘቀዘ ነው።» በልተን ስሰናበታቸው እጄን ይዘው «ሳቁን ተውልኝ» አሉኝ። ስለ ውሃው ምንም አላሉም።

ባቡሩ ውስጥ ስድስት ሰዓት ሙሉ ያንን ስቆጥር ሄድኩ። ሰማንያ አራት ፍሬም። ከነዚህ ውስጥ እሱ የሚወጣበትና የሚስቅበት ስንት ነው? ውሃው ከየትኛው ይጀምራል?

ቅጂዎቹ ሁሉ የሚታተሙበትን ዋናውን ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ የምትቆርጠው ያችው ኢኒድ ታኒክሊፍ ናት፤ ነጭ ጓንት የማትለያት። አርጅታለች፤ እጇ ግን አይንቀጠቀጥም። ሠርግሽ ላይ የመጣች ናት፣ ብታስታውሻት። መብራት ላይ ዘርግተን በማጉያ አየነው። ሃምሳ ሦስተኛው ላይ ገና እየሳቀ ነው፤ አንድ እግሩ ወደ ላይ ተነሥቷል። ሃምሳ አራተኛው ላይ በቀኝ ጥግ አንዲት ነጭ ነጥብ ትታያለች። ውሃው ያቺ ናት።

«እዚህ ጋ» አልኳት።

«ይህ ኔጋቲቩ ነው፣ ሊዮኔል» አለችኝ። «አንዴ ከቆረጥኩት ተመልሶ አይገጥምም። ሽልማት ያገኘህበት ነው ደግሞ።»

«ሽልማት ያገኘሁበት ስለሆነ ነው።»

«የሚጎድለውስ ሠላሳ አንድ ፍሬም? ሥዕሉ ከድምፁ ይቀድማል።»

ስለ እሱም አስቤ ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው ካፒቴኑ ወደ ላይ ሲያይ ነው። ኢኒድ በዚህ ሁሉ ዓመት ምንም የማትጥል ሴት ስለሆነች የካፒቴኑን ትርፍራፊ ቀረጻ ከአንድ የዛገ ቆርቆሮ ውስጥ አገኘችው። ሠላሳ አንድ ፍሬም ከፊቱ ጨመርንለት። ከዚያ ቆረጠች። ድምፁ ሲሰማ እንደ ወረቀት ነው፤ እኔ ግን ወንበር ሳብኩ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ትዕይንቱ እንደ ድሮው አይደለም። የሙያው ሰው ሆኖ በጥሞና ያየው «እዚህ ጋ አንድ ነገር ጎድሏል» ይላል። አሥር ዓመት ሰው ሁሉ ያወራላት ቦታ አሁን ማንም የማያነሣት ተራ ቦታ ሆነች። እንደ ሥራ ቅር ብሎኛል፤ አልዋሽሽም። የተቆረጠውን ሠላሳ አንድ ፍሬም ግቢው ውስጥ፣ በኦብሪ ትእዛዝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቼ አቃጠልኩት።

ሥራዬን ለቅቄ በኦክቶበር ወደዚህ መጣሁ። ከሚስስ ጄልበርት ክፍል ተከራይቻለሁ። ለእናትሽ ከሰል አስገባለሁ፣ ዓሣ አመጣለሁ፣ ድንችም እልጣለሁ። እናትሽ አልጋቸው ከፎቅ ወደ ታች እንደወረደ፣ ዶክተሩ በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚመጣ እንዳልጽፍልሽ አጥብቀው አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ አልጻፍኩልሽም።

ፊልሙ ትናንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ታየ። ቴሌቪዥን ያለው እዚሁ ሚስስ ጄልበርት ቤት ነው። እናትሽን ብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ እኔና የጄልበርት ልጅ ከነወንበራቸው ተሸክመን ወሰድናቸው። «እንደ ንግሥት» አለቻቸው ሚስስ ጄልበርት። «ንግሥት ጉልበቷ አያማትም» አሉ። የቆረጥኩትን አልነገርኳቸውም ነበር፤ ፈርቼ።

ማዕበሉ ሲጀምር እጃቸውን ዓይናቸው አጠገብ አዘጋጁ። ዴንዚል ወጣ፤ ዞረ፤ ሳቀ። እጃቸው ተነሣ። ወዲያው ካፒቴኑ መጣ። ጮክ ያለ ነገር የለም፣ የሚያቃስት ሰው የለም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ካፒቴኑ አንጋጦ ያያል፤ እናትሽም እሱን ያያሉ።

ዝቅ ባለ ድምፅ «የት ደረሰ?» አሉኝ።

«ወጣ» አልኳቸው።

እጃቸውን ቀስ አድርገው ጉልበታቸው ላይ መለሱት። «ይውጣ» አሉ። እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

ሞርዌና፣ ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ የጠየቅኩ እንደሆነ መልስ መጠበቅ ይመጣል። ለኦብሪ የጻፍሽውን ደብዳቤ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ የአንቺ ነው፣ አድራሻውን አስተካክለሽ መላክ ትችያለሽ። ካለሽበት አገር፣ ከዌሊንግተን ወደብ፣ በዲሴምበር አጋማሽ የምትነሣ መርከብ እንዳለች፣ ሳውዝሃምፕተን የምትደርሰው በጃንዋሪ መጨረሻ እንደሆነ እንዲሁ በወሬ ሰማሁ። አውሮፕላንም አለ፤ እሱ ይፈጥናል። እናትሽ ካየሻቸው ብዙ ጊዜ ስለሆነ ነው የማነሣልሽ። እኔን ማየት ካልፈለግሽ የሚስስ ጄልበርት ክፍል ከበሩ አርባ እርምጃ ስለሚርቅ፣ መጋረጃዬን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

እናትሽ አሁን ነቅተዋል። «ሹራብ ትልበስ፣ ብርዱ የክንዷን ሕመም እንዳይመልስባት በላት» ይሉሻል። ባሕሩ መንገድሽን ያለዝብልሽ፤ ደጅሽ ሰላም ይሁን፤ የምታስተምሪያቸው ልጆች ያስደስቱሽ።

ሊዮኔል ፓስክ